ስኳሩ ተነሳበት ያሉኝ ዕለት

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ስኳር በሽተኛም ነኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ።

ስሜ ሙሉጌታ ነው። ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ውስጥ ዳቦ ቤት አለኝ፤ ቤቴ ደግሞ «ጁባ ና ባሪ» የሚሉት ሰፈር ነው። ደንበኞቼ «ዓይሽ» እያሉ የሚጠሩትን ነጭ ዳቦ ስጋግር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቁርሴም እሱው ነበር። ከምድጃው የወጣውን ትኩስ ዳቦ እጄን እያቃጠለኝ እቆርስና በሻይ አወርደዋለሁ። ባለቤቴ የሺ ሻዬን ባየች ቁጥር «አንተ የምትጠጣው ሻይ ሳይሆን ሽሮፕ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ዳቦ የሚጋግር ሰው ዳቦ ካልበላ ማን ያምነዋል?» እላታለሁ። አፍ አለኝ፤ ይህንን ማንም አይክደኝም።

ውኃ ጥም አላስቀምጥ፣ ሽንት አላስተኛ ሲለኝና ዓይኔ ሲደበዝዝ የሺ እየጎተተች ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ የምትሠራ የአገራችን ልጅ፣ ዶክተር ሰላም፣ መረመረችኝና ስኳር አለብዎት አለችኝ። ስኳር የሚያወርድ ክኒን አዘዘችልኝ። «በየቀኑ ይውሰዱ፣ እንዳያቋርጡ» አለችኝ። ቀጥላም የቁርሴን ጉዳይ አነሳች።

«ነጩ ዱቄት ቆዳው ተነስቶለት፣ ፉርሽካው ወጥቶለት ነው የሚመጣው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ስኳር ይሆናል። እህሉን ከነቆዳው ይብሉ። ቅንጬ፣ አጃ፣ ማሽላ፣ ገብስ ይሁን። ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ስኳርዎም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።»

«ዶክተር፣ ፉርሽካ እኮ ለላም ነው የምንሰጠው» አልኳት።

«እንግዲያው ላሟ ከእርስዎ የተሻለ ቁርስ እየበላች ነው» አለችኝ።

የሺ ክትክት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያኔውኑ ስልኬ ጮኸ፤ ዱቄት የሚያመጣልኝ ነጋዴ ነበር። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ዶክተሯ ለየሺ ብቻዋን የነገረቻትን ነገር ያልሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስመለስ «ምን አለች?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ የሺም ዋናውን ነገር እኔ የሰማሁ መስሏት አልደገመችልኝም።

የሺ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄዳ ያልተፈተገ ማሽላ ገዛች፤ አስከካችና ቅንጬ ሠራችልኝ። የመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን አስቀምጬ «ይኼ ቁርስ ነው የጥርስ ፈተና?» ብያታለሁ። አንዳንዴ አጃ ታፈላልኛለች፣ አንዳንዴ የገብስ ቂጣ የመሰለ ነገር ታቀርብልኛለች፤ ሻዬም ስኳር አጣ። ተነጫነጭኩ፣ አኮረፍኩ፣ በላሁ። ቆይቶ ግን እውነቱን ልናገር፣ ለመድኩት። ድሮ ረፋዱ ላይ የሚያንቀጠቅጠኝ ረኃብ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ቤት ባለችን መለኪያ ስናየው ስኳሬም ወረደ። ዶክተር ሰላም ውጤቱን በስልክ ስትሰማ ደስ አላት፤ «እንግዲህ መድኃኒቱን ማስተካከል ሊያስፈልገን ነው፣ ይምጡና እንየው» ብላ ከፋሲካ በኋላ ቀጠረችኝ። እኔማ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ ስለ ቅንጬ እሰብክ ጀመር። ነጭ ዳቦ እየሸጥኩ ስለ ቅንጬ የምሰብክ ጉድ ሆንኩ።

ሁዳዴ ገባ። አባታችን፣ የንስሐ አባቴ፣ መታመሜን ስለሚያውቁ «ጠዋት ቅንጬህን በዘይት አሠርተህ ብላ፣ ክኒንህን ዋጥ» ብለው ፈቀዱልኝ። እንዲሁ እያልን ሕማማት ደረሰ። ከዚያም ስቅለት።

የስቅለት ዕለት ጠዋት የሺ ከሴቶቹ ጋር የምታዘጋጀው ነገር ስለነበረ ቀድማኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅንጬውን ጠረጴዛው ላይ ከድና ትታልኛለች። ክዳኑን አነሳሁና አየሁት። መልሼ ከደንኩት።

እናንተዬ፣ ስቅለት እኮ ነው! ሌላውን ቀን አባ ፈቅደውልኛል። ሕዝቡ ሁሉ ምራቁን ሳይውጥ በሚሰግድበት ቀን እኔ ጠግቤ ልሰግድ? አልሆነልኝም። ደግሞም በሐሳቤ ነገሩን አሰላሁት። ስኳር የሚመጣው ከምግብ ነው። ካልበላሁ ከየት ይመጣል? እንዲያውም ዛሬ ስኳሬ የተሻለ ነው የሚሆነው አልኩ። ክኒኑን ግን ዋጥኩ። ሐኪሟ አታቋርጥ ብላለች፤ መድኃኒት ደግሞ ጾም አይሽርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የሐኪሟንም የቤተ ክርስቲያኑንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የጠበቅሁ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነጠላዬን አደግድጌ ወጣሁ።

ግቢው ጢም ብሏል። ሆቴል ያላቸው፣ ሱቅ ያላቸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት፣ ጁባ ያለ አበሻ ሁሉ የመጣ ይመስላል። የሚያዝያን የጁባ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥላ ሥር ብትቆም እንኳ ላብህ በጀርባህ ይወርዳል። ስግደቱ ተጀመረ። «ኪርያላይሶን» እንወድቃለን፣ እንነሳለን፤ እንወድቃለን፣ እንነሳለን። እኔም ላብ በላብ ሆንኩ። ሁሉም ላብ በላብ ስለሆነ የእኔን ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ራሴ ልብ አላልኩትም።

መጀመሪያ የመጣብኝ የጣቶቼ መንቀጥቀጥ ነው። ድካም ነው አልኩ። ቀጥሎ ልቤ ይመታ ጀመር። ይኼም በረከት ነው አልኩ። ከዚያ በድንገት፣ አትፍረዱብኝና፣ በዚያ ቅዱስ ሰዓት የድሮው ሻዬ ትዝ አለኝ። ጣፋጩ ሻይ! ምራቄ ሞላ። ሰይጣን ነው ብዬ አማተብኩ።

ደግሜ ሰገድኩ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። እዚያው ቀረሁ።

አጠገቤ የነበሩት በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ አልተነሳሁም። «ሙሉጌታ ዛሬ ምን ያህል ቢነካው ነው!» ብለው በመንፈሳዊነቴ ተገርመው ዝም አሉኝ። ሕዝቡ ወድቆ ተነሳ፣ ደግሞ ወድቆ ተነሳ፤ እኔ እንደ ተደፋሁ ነኝ። በመጨረሻ ከምንጣፉ ላይ እንዲህ ስል ተሰማሁ አሉ፦

«ዳቦው አረረ! አውጡት! ኧረ ዳቦው አረረ!»

ያኔ ነው ሰው የደነገጠው። ገለበጡኝ። ፊቴ አመድ መስሏል፣ ሸሚዜ ውኃ የተነከረ ይመስላል፣ ዓይኔ ተከፍቷል ግን ሰው አያይም። ተሸክመው ወደ ጥላ አወጡኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን ራሴ ሰምቼዋለሁ፣ ግማሹን የሺ ነግራኛለች። ድምፅ ይሰማኛል፤ መናገር ግን አልችልም። ምላሴ የሌላ ሰው ምላስ ሆኖብኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ደረሱ። ጋሽ ደምሴን ላስተዋውቃችሁ። ሆቴል ያላቸው፣ በጁባ አበሻ ዘንድ የተከበሩ፣ የታመመ ሲጠየቅ የሞተ ሲቀበር ከፊት የሚቆሙ ሰው ናቸው። ለእኔም ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሲያዩኝ ጮኹ።

«ስኳር አለበት እኮ! ስኳሩ ተነሳበት! ዞር በሉ፣ አየር ስጡት!»

ተነሳበት። ቃሏን ልብ በሉልኝ። እኛ ቋንቋ ላይ በሽታ ሁሉ ይነሳል። አስም ይነሳል፣ ጨጓራ ይነሳል፣ የሚጥለውም ይነሳል። ስኳር ግን ተነሳ ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ጨመረ የሚለውን ነው። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ከአንዷ ቃል ተነስቶ ስኳሬ ጣሪያ መድረሱን አመነ። ማንም አልለካም፤ ቃሏ በቃች። ገና ዓርብ ነው፣ ምኑ ነው የሚነሳው የሚል እንኳ ጠፋ!

አንዲት የጎረቤታችን ሚስት ለልጇ የያዘችውን የማንጎ ጭማቂ ይዛ መጣች። «ከንፈሩን እናርጥብለት፣ ደርቋል» አለች። ጭማቂው አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ሸተተኝ። እናንተ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ጠርሙስ የተመኘሁት ነገር የለም! አፌን ልከፍት ስታገል ጋሽ ደምሴ ከእጇ ነጠቋት።

«ልትገድሉት ነው? ስኳሩ ተነስቶበታል እያልኩ ጣፋጭ ታጠጪዋለሽ? ምንም ጣፋጭ ነገር እንዳታስጠጉት!»

ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። በፍቅር ነው እኮ! ሁሉም ሊያድነኝ ነው የሚሯሯጠው። ዙሪያዬን የቆመው ወዳጄ ሁሉ ሞቴን እየጠበቀልኝ ነበር፤ እኔም መስማቴ እንጂ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ያኔ ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

የሺ ከሴቶቹ በኩል እየሮጠች መጣች። በጋሽ ደምሴ መኪና ከኋላ አስገቡኝ፤ ጭንቅላቴ እሷ ጭን ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ ወደ ክሊኒኩ ነዱ። መንገዱ በቦዳቦዳ ሞተርና በሚኒባስ ተዘግቷል፤ ጋሽ ደምሴ ጥሩምባ ያሰማሉ፣ ይራገማሉ፣ በስቅለት መራገማቸው ደግሞ ያስቆጫቸዋል።

የሺ ግንባሬን በነጠላዋ ስትጠርግ ነጠላው ረጠበ። ደግማ ጠረገች፣ ደግሞ ረጠበ። እጄን ያዘች፤ ይንቀጠቀጣል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ሙሉዬ፣ ትሰማኛለህ? ቅንጬውን በልተሃል?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አልበላሁም።

«ክኒኑንስ? ክኒኑን ውጠሃል?»

ዓይኔን ከደንኩላት። አዎ ማለቴ ነው።

«ወይኔ ጉዴ! ጋሽ ደምሴ ያቁሙ! ስኳር እንግዛ!»

«ምን?»

«ስኳር! ተነስቶበት አይደለም፣ ወርዶበት ነው! ዶክተሯ ነግራኛለች። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከቀባጠረ ወርዶበት ነው፣ መጀመሪያ ጣፋጭ ስጪው ብላኛለች!»

«የሺ፣ ልጄ፣ ደንግጠሽ ነው። ክሊኒኩ ቅርብ ነው። በስኳር በሽተኛ ላይ ስኳር ጨምረሽ ከሞተ ምን ትይ ይሆን? እኔ በዚህ እጄ አላደርገውም።»

«ያቁሙ እባክዎ!»

«አላቆምም!»

«አቁም አልኩህ!»

የሺ ጋሽ ደምሴን ካወቀቻቸው ጀምሮ እርስዎ እንጂ አንተ ብላ አታውቅም። ጋሽ ደምሴ ከስኳሩ ይልቅ «አንተ» መባላቸው ያስደነገጣቸው ይመስለኛል፤ ፍሬኑን ረገጡት። የሺ መስኮቱን አውርዳ መንገድ ዳር ላለች ሱቅ በጁባ ዓረብኛ ጮኸች።

«ጂቡ ሱከር! ሱከር! ጉዋም ጉዋም!»

ባለሱቁ የአገሩ ሰው ነው። ስኳር አምጣ፣ ቶሎ ቶሎ ስትለው አንድ ፌስታል ስኳር ይዞ ሮጦ መጣ። የሺ በጥርሷ ቀደደችው። ብድግ አድርጋ አስቀመጠችኝ፤ መጀመሪያ «ዋጥ እስኪ» አለችና ምራቄን መዋጤን አየች። ከዚያ ስኳሩን በጣቷ እያነሳች በጉንጬ ውስጥ፣ በድዴ ላይ ታሽልኝ ጀመር። ትንሽ ውኃ አስከተለች። ደግሞ ስኳር። ጋሽ ደምሴ መሪውን ይዘው ፊታቸውን አዙረዋል። ማየት አልቻሉም።

ምንም ለውጥ አላሳየሁም። የሺ ጠበቀች። ምንም። ስኳሩ ከንፈሯም፣ ልብሴም ላይ ተበትኗል። ጋሽ ደምሴ በለሆሳስ «አየሽ? አየሽ የሺ?» አሉ። እሷ ሌላ ስኳር ዘገነች። በኋላ ስትነግረኝ፣ «ገድዬው ከሆነስ?» የሚለው ሐሳብ ያኔ ነው የመጣባት። ግን አላቆመችም።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የመኪናው ጣሪያ ታየኝ። የሺ ታየችኝ። አፌ ውስጥ ያለውን አጣጣምኩና፣

«የሺ፣ ምንድነው ያጎረስሽኝ? ጾም አይደለም እንዴ?» አልኳት።

እየሳቀች አለቀሰች። እያለቀሰች ደግሞ ትከሻዬን በቡጢ ነረተችኝ። ጋሽ ደምሴ መሪው ላይ ተደፉ።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተር ሰላም ጣቴን ወግታ ለካች። ያ ሁሉ ስኳር ገብቶልኝ እንኳ ገና ዝቅተኛ ነበር። ግሉኮስ ተከለችልኝና ሥራዋን ስትጨርስ ቆጣ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይህ ክኒን እኮ የታዘዘው ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ ለሚበሉት ለያኔው ሰውዬ ነው። ቅንጬው ሥራውን ሠርቷል፤ ስኳርዎ ወርዷል። ክኒኑ ግን ያንን አያውቅም፣ ማውረዱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ። በዚያ ላይ ስግደት። የቀረዎት ምን ነበር?»

«ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል ብዬ ነው» አልኳት።

«ልክ ነው፣ አይመጣም። ችግሩም እሱ ነው።»

የክኒኑ ጉልበት ስላላለቀ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል ብላ እስከ ምሽት አላስወጣችኝም፤ ምግብም አስበላችኝ። በስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ እየሰገደ፣ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ በላሁ። እንባዬ ሳህኑ ላይ እየወረደ ነው የበላሁት፤ ይህንን ለመናገር አላፍርም። ክኒኔን ቀነሰችልኝ። በፋሲካው ለአባ ስነግራቸው ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «መድኃኒት የምትውጥ ሰው መጀመሪያ እኔንና ሐኪምህን ጠይቅ። ቅንጬውን እንደማትወደው አውቃለሁ። እንግዲያስ መስቀልህ እሱ ነው፤ በስቅለትም ብላው።»

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ግን ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደሚባለው መከራ የመከረኝን ላካፍላችሁ። ያልተፈተገ እህል ቁርስ ጥሩ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ጥሩ በመሆኑ ግን መድኃኒታችሁን ይነካል፤ ቁርሳችሁን ስትቀይሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ስኳር የሚያወርድ ክኒን ውጣችሁ ሳትበሉ አትዋሉ። ልትጾሙ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ራሱን ስቶ መዋጥ ያቃተው ሰው ካያችሁ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከሁሉ በፊት «ተነሳበት» የምትለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡልኝ። ወረደ ወይስ ወጣ? እሱን ጠይቁ፤ መለኪያ ካለ ለኩ።

የጋሽ ደምሴን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት መጀመሪያ ላይ ልናገረው ስላልቻልኩ ነው።

ያን ቀን ክሊኒኩን ትተው አልሄዱም። ጥግ ላይ ወንበር ስበው፣ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠው ዋሉ። የሺ «አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ» ስትላቸው የሰሟትም አይመስልም። ቀና ብለው ዶክተር ሰላምን ጠሯት።

«ዶክተር፣ ላብ የሚያጠምቀው... ሁልጊዜ ሲወርድ ነው?»

«ሁልጊዜ አይባልም። ግን ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ላብ ካጠመቀውና ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መውረዱን ነው። ምነው?»

«እናቴም ስኳር ነበረባት። ክኒን ትወስድ ነበር።»

ነጠላቸውን ፈትተው መልሰው አጠፉት።

«አገር ቤት ነው፣ ድሮ። እስክትሞት እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ተነሳባት አሉኝ። ተነሳባት ሲሉኝ ቤት ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ሁሉ አስወጣሁ፣ ማንም እንዳያስገባላት ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።»

«ተለክቶ ነበር?» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ።

«የት አለ መለኪያ?»

«እንግዲያው ማንም ሊያውቅ አይችልም ጋሽ ደምሴ። እርስዎም ሊያውቁ አይችሉም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሟትም፣ ያልሰሟትም ይመስላሉ። ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ከእጄ ላይ፣ የሺ ካስያዘችኝ የሻይ ብርጭቆ ላይ አረፈ።

«አንሶላው ረጥቦ ነበር፣ ሙሉጌታ» አሉኝ። «እጄን ይዛ ሻይ ስጠኝ አለችኝ። ስኳር ያለው ሻይ። እማዬ፣ ስለምወድሽ ነው የምከለክልሽ አልኳት።»